ሃያ ክንድ በፖይንት

ቦንጋ ውስጥ በምሠራበት የጽሕፈትና የኮፒ ቤት መጀመሪያ የዋሸኝ ፖይንት ነው። ኮምፒውተር ላይ የፊደል መጠን የሚቆጠረው በእሱ ነው፤ ሰባ ሁለቱ አንድ ኢንች ይሞላል ይባላል። አንድ ሰውዬ በሩ ላይ የሚለጥፈው «የሚከራይ ክፍል አለ» የሚል ጽሑፍ ፈለገና ፊደሉ አንድ ኢንች ቁመት ይኑረው አለኝ። ሰባ ሁለት ብዬ አትሜ ሰጠሁት። እዚያው ቆሞ በማስመሪያ ለካው። አልሞላም። የጎደለው ደግሞ ለዓይን የሚታይ ነበር። ሰውዬው ማስመሪያውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው፤ ሌባ ብሎ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የቤቱ ባለቤት፣ እትዬ የምላቸው ሴትዮ፣ ከጀርባዬ ሆነው አስረዱኝ። ቁጥሩ የፊደሉ ቁመት አይደለም፤ ፊደሉ የሚቀመጥበት የማይታይ ሳጥን ቁመት ነው። ከላይም ከታችም አየር አለው። ታዲያ ለምን የፊደል መጠን ይሉታል ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔ ነኝ እንዴ ስም ያወጣሁለት? ጨምሪና ለሰውዬው ስጪው» አሉኝ።

ጨምሬ ሰጠሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሰው ቁጥር ሲነግረኝ በልቤ የምፈልገው አየሩ የቱ ጋ እንደተደበቀ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ ስላላስገባኝ ነው እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት። ሥራው አይከብድም፤ ሰዎቹ ናቸው የሚከብዱት። የዞን ቢሮ ሠራተኛ ሲመጣ በሴንቲሜትር ያዛል። ከዋጫ ወይም ከደካ የመጣ ሰው ደግሞ ለሙት ዓመት የሚሰቀል ፎቶ አምጥቶ «ስንዝር ከሁለት ጣት አድርጊው» ይላል። በማን ስንዝር ብዬ ስጠይቅ እጁን ዘርግቶ ያሳየኛል፤ በማግስቱ ሊወስድ የሚመጣው ግን ወንድሙ ነው፣ የእሱ ስንዝር ሌላ ነው፣ አነሰ ይላል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አንድ ሰንጠረዥ ሠራሁና ከማሽኑ በላይ ለጠፍኩት። ጣት ሃምሳ አራት ፖይንት። አራት ጣት አንድ ጋት፤ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ፖይንት። ስንዝር ስድስት መቶ አርባ ስምንት። ክንድ አሥራ ስምንት ኢንች፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት ፖይንት። ከዚያ በኋላ «የእኔ ስንዝር» የሚል ሰው ሲመጣ ወደ ግድግዳው እጠቁማለሁ። አብዛኛው ሰው የታተመ ነገር ሲያይ ዝም ይላል። እኔም ብሆን ዝም እል ነበር።

አጎቴ አጥሩን ሊያድስ መሆኑን የሰማሁት በዚያ ሰሞን ነው።

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። አባቴ ሲሞት የአያቴን ግቢ ሽማግሌዎች ለሁለት ከፈሉት። በመንገዱ በኩል፣ ከአያቴ ቤት የመሠረት ድንጋይ ጀምሮ ሃያ ክንድ ለአጎቴ፤ ከዚያ እስከ ቦዩ ያለው ለእናቴ፤ ከኋላ ያለው የእንሰቱና የኮረሪማው ቦታም ለእናቴ። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ። ቃሉን ግን እንደ ጸሎት ስሰማው ነው ያደግኩት፦ ሃያ ክንድ፣ ሃያ ክንድ። በመካከሉ የቆመው አጥር የእንጨት ነበር። ዝናቡ ሲያበሰብሰው አንዱ እንጨት ይወጣል፣ ሌላው ይገባል፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ቢሄድ ማን ያያል?

አሁን አጎቴ በብሎኬት ሊሠራው ነው። ሲሚንቶው ቅዳሜ ይመጣል። ብሎኬት ደግሞ አንዴ ከቆመ ቆመ ነው።

የሚያሳስበኝ አጥሩ ብቻ አልነበረም። በእናቴ በኩል መንገዱ ላይ የራሴን የጽሕፈት ቤት መክፈት ነበር ሐሳቤ። ጠባብ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማሽን። ግን ከአጥሩ እስከ ቦዩ ያለው መሬት ለመተላለፊያ ካልሆነ ለሌላ አይበቃም። አንድ ሜትር ተኩል ቢጨመርበት ግን ክፍሉ ይቆማል፣ መተላለፊያውም ይተርፋል። ያንን በዓይኔ ስንት ጊዜ ለካሁት።

ደግሞ አጎቴ ሰሞኑን ደግነት አብዝቶ ነበር። ሙዝ ይልክልናል። አንድ ቀን ማር ላከ። ለእናቴ ይህ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው አልኳት። እሷ ኮረሪማዋን እየፈለፈለች «አጎትሽ ነው» አለች፣ በቃ። እናቴ አልፎ ሂያጅ ነገር በአማርኛ ነው የምትናገረው፤ ቁም ነገር ሲሆን ወደ ቋንቋችን፣ ወደ ካፊኖኖ፣ ትዞራለች። ይህን በአማርኛ ስላለችው ቁም ነገሩን የሸሸች፣ የፈራች መሰለኝና ተውኳት።

ረቡዕ ከሰዓት እትዬን አስፈቅጄ ወጣሁ። ሜትር አልነበረኝም። ያለኝ የማሽን ወረቀት ነው፤ ማሽኑ የሚያበላሸውን ስሰበስብ ኖሬያለሁ። የኤ ፎር ወረቀት ቁመቱ ስምንት መቶ አርባ ሁለት ፖይንት መሆኑን በቃሌ አውቃለሁ፤ ያንን ደግሞ ማንም ሊያሳጥረው አይችልም። ወረቀቶቹን ጫፍ ለጫፍ እያጋጠምኩ በፕላስተር ሳያይዝ ረጅም መቀነት ወጣቸው። ከመሠረት ድንጋዩ ጀምሬ ሣሩ ላይ ዘረጋሁት። አጎቴ በረንዳው ላይ ሆኖ ሲያየኝ ቆይቶ ወረደ።

«መሬቱን ልትተይቢው ነው?» አለኝ።

«ልለካው ነው።»

«ግንበኛው ሜትር አለው። ውሰጂ።»

«የአንተ ግንበኛ ሜትር የአንተ ነው፣ ጋሼ።»

ሳቀ። «ወረቀቱስ የማን ነው?»

«የእትዬ።»

«እሳቸው መሬት ልትለኪበት መሆኑን ያውቃሉ?»

ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አልኩ። አጎቴ የአንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነው፤ ሰው የማይመልሰውን ጥያቄ መርጦ መጠየቅ ሙያው ነው። ደግሞ መቀነቱ እንዳይጣመም ጫፉን ያዘልኝ። ለምን ያዘልኝ? የሚሰርቅ ሰው ጫፍ ይይዛል? ወይስ የሚሰርቅ ሰው ነው ጫፍ የሚይዘው? ሣሩ ርጥብ ነበርና ወረቀቱ እየለሰለሰ መጣ። ርጥብ ወረቀት ይረዝማል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ቆጠርኩ። አጥሩ ዘንድ ስደርስ ሠላሳ ስድስት ወረቀት ሆነ።

ሂሳቡን ማሽኑ ፊት ተቀምጬ ሠራሁት። ሠላሳ ስድስት በስምንት መቶ አርባ ሁለት ይባዛል፣ ለአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት ይካፈላል። ሃያ ሦስት ክንድ ከምናምን። ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው። ሦስት ክንድ ከምናምን ማለት አንድ ሜትር ተኩል ነው። የእኔ ክፍል ማለት ነው። አጎቴ በላዩ ላይ ሽንኩርት ዘርቶበታል።

በዚያ ቀን ደስ አለኝ ብል ይቀላል። ሌባው ሲያዝ ደስ ይላላ።

የሚቀረኝ ለሽማግሌ የሚታይ ነገር ማዘጋጀት ነበር። ክንዱን እንዳለ ወረቀት ላይ ማስገባት ስለማይቻል እያንዳንዱን ኢንች አንድ ፖይንት አደረግኩት። ቁጥሩ ያምራል፦ አንድ ክንድ አሥራ ስምንት ፖይንት፣ ሃያ ክንድ ሦስት መቶ ስልሳ፣ ይህም ወረቀቱ ላይ ልክ አምስት ኢንች። አጥሩ ግን፣ ሽርፍራፊውን ስተወው፣ አራት መቶ ሃያ ላይ ቆሟል። ትክክለኛውን ወሰን በጥቁር፣ አጥሩን በቀይ አሰመርኩና አተምኩት። በማስመሪያ ስለካው አምስቱ ኢንች አልሞላም።

እንደገና። ይህ ቤት ምን ነክቶታል ብዬ ማሽኑን ገላበጥኩት። ለካ ፕሪንተሩ ሁሉም ነገር ከነጠርዙ ገጹ ውስጥ እንዲገባ ብሎ በራሱ የሚያሳንስበት ትእዛዝ አለው፤ ያ ትእዛዝ በርቷል። ማን አበራው? እትዬ እኔ ነኝ አሉ፤ የደንበኛ ጽሑፍ ጠርዙ እንዳይቆረጥ። ከዚያ ወረቀቱን አዩትና ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህን ነገር ተይው» አሉኝ።

ለምን አልኳቸው። አጎቴ የትምህርት ቤቱን ፈተና የሚያባዛው እኛ ጋ ነው፤ ደንበኛ ነው፤ እሱን ማስቀየም አይፈልጉም። እንዲህ ብለው አልነገሩኝም። የነገሩኝ ቤተሰብ በወረቀት አይጣላም የሚል ነው። እኔ ግን የሰማሁት ሌላውን ነው። ትእዛዙን አጥፍቼ እንደገና አተምኩት። አምስት ኢንች ሞላ።

አንድ ነገር ደግሞ ይቀረኝ ነበር፤ ክንዱ። ኢንተርኔት አሥራ ስምንት ኢንች ቢልም የለካው ኢንተርኔት አይደለም። ከከፈሉት ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት አንድ ናቸው፤ ገመዱን በራሳቸው ክንድ የለኩትም እሳቸው ነበሩ። የአጎቴ ሚስት ዘመድም ናቸው፤ ይህን አልረሳሁትም። ሐሙስ ጠዋት መታወቂያቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ መጡ። እንደማንኛውም ሰው ክርናቸውን የጠረጴዛው መስታወት ላይ ጣል አድርገው እጃቸውን ዘረጉ። እኔም ኮፒውን ቀስ ብዬ እያነሳሁ በክርናቸውና በመሀል ጣታቸው ጫፍ በኩል መስታወቱ ላይ ነጥብ ነጥብ አደረግኩ።

«ምንድን ነው የምትጽፊው፣ ልጄ?»

«መስታወቱን እያጸዳሁ ነው፣ አባባ።»

ሲሄዱ ለካሁት። አሥራ ስምንት ኢንች፣ ከፀጉር ያነሰ ጉድለት። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል።

ዓርብ ከሰዓት አጎቴ ቤት በረንዳ ላይ ተሰበሰብን። እኔ፣ እናቴ፣ አጎቴ፣ ሽማግሌው። ግንበኛው ከብሎኬቱ ክምር ላይ ተቀምጦ የሚሆነውን ይጠብቃል። ወረቀቱን አወጣሁና አስረዳሁ፤ ጥቁሩ ይህ ነው፣ ቀዩ ይህ ነው፣ በመካከሉ ያለው የእናቴ ነው። አጎቴ ወረቀቱን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አየው። ሥራው ንጹሕ ነው አለ። አላሾፈም፤ ያ ይበልጥ አናደደኝ። ሽማግሌውም ተቀብለው አዩትና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ገመድ ጠየቁ።

ከመሠረት ድንጋዩ ጀመሩ። ገመዱን ወጥረው እኔና ግንበኛው ያዝንላቸው። ቀኝ ክርናቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው እጃቸውን ዘረጉ፤ አንድ። ከጣታቸው ጫፍ ፊት ለፊት ደግሞ ግራ መዳፋቸውን በአግድም ጣል አደረጉ፤ ቀጣዩን ክርን የጀመሩት ከመዳፉ ወዲያ ነው። ሁለት። እንደገና መዳፍ። ክንድ፣ መዳፍ፣ ክንድ፣ መዳፍ። ሦስተኛው ላይ ገመዱን ለቀቅኩት።

«አባባ፣ መዳፉ ምንድን ነው?»

«ማቆሚያ።»

«ማቆሚያ ከሆነ ይነሳላ። እርስዎ ግን ከእሱ ወዲያ ነው የሚጀምሩት። የተባለው ሃያ ክንድ ነው። ሃያ ክንድ ከጋት ያለ ሰው የለም።»

ሽማግሌው ተንበርክከው እንዳሉ ቀና ብለው አዩኝ። ለባዳ ሲለካ መዳፍ አይገባም አሉ፤ ጨርቅ ሲሸጥ፣ ቆርቆሮ ሲሸጥ። ለወንድም ሲከፈል ግን ከየክንዱ በኋላ መዳፍ ይገባል፤ ለካው ሰውዬ ቆጠበ እንዳይባል። ይህን ደግሞ ማንም በአፉ አይናገረውም አሉ። ሃያ ክንድ ተብሎ ይቆጠራል፣ መዳፉ አይቆጠርም።

በልቤ ሂሳቡን ሠራሁት። ሳልፈልግ ነው የሠራሁት፤ እጄ የለመደው ነው። ክንድ አሥራ ስምንት፣ ጋት ሦስት፤ ሃያ አንድ። ሃያ ጊዜ ሃያ አንድ አራት መቶ ሃያ። ቀዩ መስመር።

ልክ በመሆኑ አላመንኩም፤ እንዲያውም ልክ በመሆኑ ጠረጠርኩት። አጥሩን አይቶ ልኬቱን ማበጀት ምን ይከብዳል? የአጎቴ ሚስት ዘመድ ናቸው፤ ዛሬ ያስገቡት መዳፍ ያኔ ስለመግባቱ ማን ይመሰክራል? ይህን ሁሉ ፊታቸው ላይ ነገርኳቸው። ግንበኛው የያዘውን የገመድ ጫፍ ጥሎ ራቅ አለ። አጎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ጠነከረ።

«ሌሎቹ ሞተዋል። እዚህ ቁጭ ብላ ያየች አንዲት ሰው አለች። እሷን ጠይቂ» አለኝ።

እናቴን ነው። እናቴ በረንዳው ጫፍ ላይ ነጠላዋን አጣጥፋ ተቀምጣለች።  በዓይኔ ለመንኳት ብል አላጋንንም። መዋሸት እንኳን አያስፈልጋትም ነበር፤ ቆይቷል፣ አላስታውስም ብትል ይበቃል። ያን ጊዜ ሐዘን ላይ የነበረች ሴት የሽማግሌ እጅ እንዴት እንደተቀመጠ ባታስታውስ ማን ይፈርድባታል? ሽማግሌው ራሳቸው ይህንኑ አሉ፤ የኔ ልጅ ካላስታወስሽ አላስታወስኩም በይ አሏት።

እናቴ መሬት መሬቱን አየች። ቀና ስትል በካፊኖኖ ጀመረች፤ ያኔ ነው ያለቀልኝ።

መዳፍ ገብቷል አለች። የዚያን ሰሞን ሽማግሌው ግራ መዳፋቸውን ማጭድ ቆርጧቸው በጨርቅ ጠቅልለውት ነበር። መዳፉን ባስቀመጡ ቁጥር ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር፤ እሷም እሳቸውን እያየች ለምን በዚያኛው እጅ አይለኩም እያለች ታስብ ነበር። ባሏን ቀብራ ተቀምጣ የሰው ቁስል ማሰቧ ሲገርማት ስለኖረ አልረሳችውም። 

ሽማግሌው ግራ እጃቸውን ገልብጠው አዩት። ጠባሳ ይኑር አይኑር ከቆምኩበት አልታየኝም። ገመዱን አንስተው ልኬቱን ከቆመበት ቀጠሉ፤ ማንም ጨርሱ አላላቸውም፣ እሳቸው ግን ጨረሱ። አጥሩ ላይ አረፈ። ትንሽ እንኳን አለፈ፤ አጎቴ ያችን ትንሿን ትቻታለሁ አለ።

ማታ እናቴ እራት አቀረበች፤ በላሁ። ክፍሌ የት ይቆማል ብዬ ልጮህባት ደርሼ ነበር። ስታየኝ ገባትና በአማርኛ «ስንት ቀን ስትለኪ ከረምሽ። ወረቀት፣ መስታወት፣ የሰው ክርን። እኔ እዚሁ ነበርኩ» አለች። ታውቂ ከነበረ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም አልኳት። ፍላጎትሽን እንጂ ጥያቄሽን አልሰማሁም አለች። ይህንንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አላምናትም። ክፍሉን እሷም ትፈልገው ነበር። ዓርብ ከሰዓት በረንዳው ላይ እስክትቀመጥ ድረስ ምን እንደምትናገር ራሷም አታውቅም ነበር ብዬ ነው የምጠረጥረው።

ቅዳሜ ሲሚንቶው መጣ። ልሄድ አልፈለግኩም፤ ግን ለሥራ ስወጣ መንገዴ በዚያው ነው። አጎቴ ሱሪውን ወደ ላይ ጠቅልሎ ከግንበኛው ጋር ሲያቦካ አገኘሁት። ጠራኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን በአካፋው ወደ መንገዱ በኩል እያመለከተ፣ በዚህ ጎን ግድግዳውን ከፍ አድርጌ አሠራዋለሁ አለኝ። የክፍልሽን ጣሪያ እሱ ላይ አሳርፊው፤ አንድ ጎን ግድግዳ ከተረፈሽ ክፍሉ ጠበብ ብሎም ቢሆን ይቆማል፣ መተላለፊያው አይዘጋም። ልኬቱን ሌሊት አስቦበት እንደሆነ ያስታውቃል፤ ቁጥሩን በሜትር ነው የነገረኝ።

በልቤ ሠራሁት። ይበቃል። ጠረጴዛና ማሽን ይበቃል፣ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ።

«ግድግዳው የማን ይሆናል?» አልኩት።

«የእኔ ነዋ። በእኔ መሬት ላይ ነው።»

«ታዲያ ጣሪያዬ በአንተ ግድግዳ ላይ ካረፈ፣ ነገ ስትጣላኝ አንሺ ትለኛለህ።»

«ነገ የምንጣላ ከሆነ አንቺ ነሽ የምትጀምሪው» አለና ግንበኛውን ጭምር አሳቀው።

እኔ አልሳቅኩም። እንግዲያው ሽማግሌው ባሉበት ተናገረው አልኩት፤ ግድግዳው የአንተ፣ የማሳረፍ መብቱ የእኔ፣ አንተም ብትሞት ልጆችህ እንዳያነሱኝ። የሚነገር ነገር ሁሉ ይነገር፣ ሳይነገር የሚገባ ነገር አይኑር። አጎቴ አካፋውን ሲሚንቶው ውስጥ ተከለ። ከወንድሜ ልጅ ጋር እንዲህ መነጋገሬ ያሳፍረኛል አለ። እኔን አያሳፍረኝም አልኩት። እሱም እንደማያሳፍርሽ አይቻለሁ አለኝ።

ቢሆንም እሺ አለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌውን ይዞ እንደሚመጣ ነገረኝ። እናቴም እንድትኖር አልኩት። እሷ ካልኖረች እኔም አልመጣም አለ፤ ከእናንተ ቤት የማምነው እሷን ብቻ ነው አለኝ።

ግንበኛው የመጀመሪያውን ብሎኬት ሲያስቀምጥ ክሩን በአንድ ጫፍ ያዝኩለት። ክሩ ቀጥ ብሎ መወጠሩን ራሴ ማየት ስለነበረብኝ ነው።